ግርግር የእግር፣ ረብሻ የእጅ

«አላውቅም» ስል የሰማኝ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር። ከአራተኛ ክፍል ነው ትምህርት ቤት የተውኩት። ያም ሆኖ የጠየቁኝን ወይ አውቄ እመልሳለሁ፣ ወይ እስካውቅ ድረስ ዝም እላለሁ። ዝም አይነቅዝም። በምሠራበት የሸሚዝ ፋብሪካ ከኋላዬ «ግትሯ» የሚሉኝ ለዚህ ነው። ከፊቴ ግን «እትዬ» ነኝ፤ የኮሌታ መስመር ኃላፊ ስለሆንኩም፣ ዕድሜዬም ስለገፋ።

አዳራሹ ረጅም ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቶቹ ከሰው ቁመት በላይ። ባንደኛው ጫፍ ጨርቅ ይቆረጣል፣ በሌላኛው ጫፍ ያለቀለት ሸሚዝ ይተኮሳል፣ መሃሉ የስፌት መኪና ብቻ ነው። ከመሃሉ ምሰሶ ላይ ጥቁር ስልክ ተሰቅሏል። ቁጥር የሚባል የለውም፤ ሲያነሱት ላይ ፎቅ፣ ከጥበቃ አለቃውና ከሥራ አስኪያጁ ዘንድ ይጮኻል። ሁለቱም የውጭ ሰዎች ናቸው፤ ከእንግሊዝኛ በቀር አይሰሙም።

ድሮ ስልኩን ያነሳ ሁሉ በገዛ ቋንቋው ይጮህበት ነበር። እኛ ደግሞ ልማዳችን ነው፤ መርፌ ሲሰበር «አለቅን!» እንላለን፣ ክር ሲያልቅ «ጉድ ፈላ!» እንላለን። ላይ ያሉት ጩኸቱን ሰምተው የእሳት ማጥፊያውን ተሸክመው ሲወርዱ የሚያገኙት የተሰበረች መርፌ ሆነ። ሰለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ሕግ ወጣ፤ ስልኩን የሚያነሳው የመስመር ኃላፊ ብቻ ነው፤ የሚናገረውም የመስመሩን ስምና አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ማን እንደሚወርድ የምትወስነው ቃሏ ናት። ቃላቱ በትልልቅ ፊደል ሰሌዳ ላይ ተጽፈው ከስልኩ በላይ ተሰቀሉ።

ቃላቱን የመረጠችው የእህቴ ልጅ ናት። እህቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ተምራ ላይ ፎቅ አስተርጓሚ ሆናለች። ሌሎቹ የመስመር ኃላፊዎች አሥረኛ ክፍልም አሥራ ሁለተኛም የደረሱ ናቸው፤ የኔ ነገር ሲነሳ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው «እሳቸው እንኳ ይለፋቸው፣ ስልኩን ሌላ ሰው ይያዝላቸው» አለ አሉ። እሷ ናት «አክስቴ ትችላለች፣ እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ብላ የተከራከረችልኝ።

በምሳ ሰዓት ካውያው ጠረጴዛ ጋ ቆመን ታስተምረኝ ጀመር።

«ሁሉም ረብሻ ማለት ነው አሉኝ እኮ» አልኳት።

«ማን አለሽ?»

«መካኒኩ።»

«መካኒኩ መኪናውን ያስተካክል። እስቲ ልጠይቅሽ፤ በኛ ቋንቋ ወከባና ግርግር አንድ ነው?»

«እንዴት አንድ ይሆናል! ሰው ብቻውንም ይዋከባል። ግርግር ግን ሰው ይፈልጋል።»

«ሁካታስ?»

«ሁካታ የጆሮ ነው። ተቀምጠውም ሁካታ አለ።»

«አየሽ! እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። አንዱ ካንዱ ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም።» ከዚያ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «አጂቴሽን። ይሄ የሆድ ነው። ሰው ገና አልተነሳም፣ አልጮኸም፤ ግን ውስጡ ይንተከተካል፣ መቀመጥ አልቻለም።» ቀጥላ ጉልበቷን መታ መታ አደረገች። «ኮሞሽን የእግር ነው። ሰው ከወንበሩ ተነስቷል፣ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ ዕቃ ይወድቃል፤ ማንም ማንንም አልነካም።»

«ግርግር በይኛ።»

«ግርግር። አፕሮር የአፍ ነው፤ ሁሉም ባንዴ ሲጮህ። ራዮት ደግሞ የእጅ ነው። እጅ ተሰነዘረ፣ ዕቃ ተሰበረ፣ ሰው ተመታ። ይቺን ቃል ስትይ በሩ ይቆለፋል፣ ጥበቃ ዱላውን ይዞ ይገባል፣ የጀመረው ሰው ከሥራ ይባረራል። ቀልድ የላትም።»

«ይሄኛውስ?» አልኳት ወደ ሰሌዳው እያየሁ፤ አንድ ቃል ቀርቷል።

እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ተርሞይል። እሱ የትከሻ ነው፤ ቶሎ የማይወርድ ሸክም። እናቴ የሞተች ዓመት ቤታችን እንዴት ነበር? እሱ ነው።»

እሱን ቃል ከሁሉ ቀድሞ ያዝኩት።

እንዲህ አድርጌ በሰውነቴ ላይ ተማርኳቸው። ካውያ ስይዝ ሆዴን፣ ስሄድ ጉልበቴን፣ ስነጋገር አፌን እየነካሁ። የማታ ተማሪ እንኳ እንደኔ አልተጋም። የእህቴ ልጅ በድንገት መጥታ «አፕሮር!» ስትለኝ እጄ ራሱ አፌ ላይ ይሄዳል። ይህን በየቢሮው እየዞረች ታወራው ነበር፤ «አክስቴ በሳምንት ያዘቻቸው» እያለች። እኔም ባልናገረው ደረቴ ተነፍቶ ነበር፤ መደበቅ ምን ይጠቅማል።

መጀመሪያ ላይ ስድስተኛ ቃል ነበረ። ለማይረባ ነገር ሽር ጉድ ማለት ነው አሉ፤ ከሁሉ ትንሿ ናት። አጠራሩ ግን በእኛ ጆሮ ሆድ ሲነፋ የሚያመልጠው ነውር ነው። ይህን በስልክ የምትናገር ሴት አዳራሹ ውስጥ ጠፋች። ፌንጣ ብቻ «እኔ እላለሁ፣ ላይ ያሉት ግን አስቀድመው መስኮት ይክፈቱ» አለችና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቃሉ ከሰሌዳው ተሰረዘ።

ፌንጣ ያልኳት ከመስመሬ ሴቶች አንዷ ናት። ቁጭ ማለት አይሆንላትም፤ ስሙም የወጣላት ለዚህ ነው። ሁለት ልጆች አሏት፤ አባታቸው ጥሏት ከሄደ ወዲህ ከሥራዋ በቀር ዘመድ የላትም። አፏ አያርፍም፣ ኮሌታ ማዞር ላይ ግን እንደሷ ያለ እጅ የለም። ስቆጣትም እወዳታለሁ።

ነገሩ የሆነው ሙቀቱ ቆርቆሮውን ባጋለበት ሰሞን ነው። ከኛ መስመር በላይ ያለው ማራገቢያ ቆመ። መካኒኩን ጠራሁት።

«ዕቃ ይፈልጋል፣ እትዬ።»

«ዕቃውን አምጣዋ።»

«ዕቃው ፊርማ ይፈልጋል።»

«አስፈርማ።»

«ፊርማው ደግሞ ሰው ይፈልጋል» አለኝና እየሳቀ ሄደ።

በማግስቱ ከጠዋቱ ጀምሮ ሴቶቹ ላብ በላብ ሆኑ። ላብ ነጩ ኮሌታ ላይ ከተንጠባጠበ ኮሌታው ይጣላል፤ ስለዚህ በክርናቸው እየጠረጉ፣ እየተነጫነጩ ይሰፋሉ። አንዷ ያለ ምክንያት አለቀሰች። ይሄ የሆድ ነው አልኩ። ስልኩን አነሳሁ። «ኮሌታ። አጂቴሽን።» ጥበቃ አለቃው «ዋተር፣ ዋተር» ብሎ ዘጋው። ውኃ ጠጡ ማለቱ ነው። ውኃውማ በጀርባችን እየወረደ ነበር።

ከምሳ በፊት ፌንጣ አላስቻላትም። የመጥረጊያውን እንጨት ይዛ ወንበር ላይ ወጣች። «እኔ እገፋዋለሁ፣ አንዴ ከተነሳ ይዞራል፤ እንደ ባሌ ነው፣ መነሻ ብቻ ነው የሚፈልገው!» አለች።

«ውረጂ!» አልኳት።

«እትዬ፣ አንዴ ብቻ!»

እንጨቱን ወደ ላይ ስትዘረጋ ወንበሩ ተንገዳገደ፤ እሷ ራሷን ስታድን በእግሯ የሸሚዝ ቁልፍ የሞላውን ካርቶን ገፋችው። ቁልፉ ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። ሊለቅሙ የተነሱት ሴቶች ቁልፍ ላይ ረግጠው ተንሸራተቱ፤ አንዷ ሌላዋን ይዛ ወደቀች፤ የወደቁት ይስቃሉ፣ ያልወደቁት ይጮኻሉ። የእጅጌ መስመር ሴቶችም ሊያዩ ተነሱ።

ይሄ የእግር ነው። ምንም ጥርጥር የለውም። ማንም ማንንም አልነካም። ስልኩን አነሳሁ። «ኮሌታ። ኮሞሽን።» «ኦኬ፣ ኦኬ» አለኝ።

ደረጃውን አየሁት። ማንም አልወረደም። ፌንጣ እንደገና ወንበሩ ላይ ወጥታ ማራገቢያውን ትገፋለች። እኔ አሁንም ደረጃውን አያለሁ። እዚያ ላይ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ መሣሪያ አላቸው፤ መስኮታቸው በጋም ክረምትም ዝግ ነው። ቃላቸውን በትክክል ተማርኩ፣ በትክክል ተናገርኩ፤ ያገኘሁት ኦኬ ነው። ደሜ ፈላ። ቆይ፣ አልኩ በልቤ፣ አሁን የማይወርድ ካለ እናያለን።

ስልኩን አነሳሁና «ኮሌታ። ራዮት!» አልኩ።

አውቄ ነው ያልኩት። ዙሪያዬን አይቼ፣ የተሰነዘረ እጅ እንደሌለ አይቼ ነው ያልኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የኔ ግን ወለምታም አልነበረም።

ደወሉ ጮኸ። የብረት በሩ ግም ብሎ ተዘጋ። መብራቱም መኪናውም ባንዴ ጠፋ። ጥበቃዎች ዱላቸውን ይዘው ከሁለት በኩል ሮጠው ገቡ፤ የመጀመሪያው ቁልፉ ላይ ረግጦ ወደ ፊት ተደፋ፣ ግንባሩ ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ተላተመና ደማ። ሁለተኛው ቀና ሲል ያየው ፌንጣን ነው፤ ወንበር ላይ ቆማ፣ እንጨት ወደ ላይ ይዛ።

«እኔ እኮ ማራገቢያውን...» አለች። አላስጨረሷትም። በሁለት ክንዷ ይዘው አወረዷት። መሐረቧ ከራሷ ላይ ወልቆ ቁልፉ መሃል ወደቀ፤ ልታነሳው ጎንበስ ስትል ጎተቷት። ዞራ አየችኝ። «እትዬ፣ ይንገሯቸው እንጂ!» አለች።

የእንግሊዝኛው ቃል ሁሉ ነበረኝ፤ የራሴው ጠፋኝ።

ጥቂት ቆይቶ ላይ ፎቅ ተጠራሁ። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው ከጎኑ ቆሟል፤ የኛው አገር ሰው ነው፣ ክራቫቱን እንደ ሐብል የሚነካካ። የእህቴ ልጅ ከመስኮቱ ጋ ነች። ጠረጴዛው ላይ የፌንጣ የሥራ መታወቂያ ተቀምጧል፤ ፎቶው ላይ ትስቃለች።

«እትዬ» አለኝ ኃላፊው፤ «ራዮት ብለው የደወሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«የቃሉን ትርጉም ያውቃሉ?»

እዚህ ላይ ነው ግትርነቴ የመጣው። ይህ ሰው አትችልም ያለኝ ሰው ነው። «አሳምሬ!» አልኩት። «ራዮት የእጅ ነው። ሰው ሲመታ፣ ዕቃ ሲሰበር።»

የእህቴ ልጅ ተረጎመች። ሥራ አስኪያጁ ራሱን ነቀነቀ።

«ታዲያ» አልኩ፣ «እዚያ ረብሻ አልነበረም። ግርግር ነበረ። ግርግር ብዬ ብደውል የሚወርድ ስለጠፋ ነው አውቄ ትልቁን ያልኩት። ልጅቱ ምንም አላደረገችም።»

ኃላፊው ሳይቸኩል ወደ እኔ ዞረ። «ቃሉን አውቀው ተናገሩ፤ ጥበቃ ገባ፤ የደማ ሰው አለ፤ ዱላ የያዘች ሠራተኛ ተያዘች። አሁን ደግሞ አልነበረም ይላሉ። ይህን የሚሉት ለባልንጀራዎ አዝነው ነው። ትርጉሙን ባያውቁ ኖሮ ስህተት ነው እንል ነበር፤ ጥሪው ይሰረዛል፣ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። አውቀው ከተናገሩ ግን ቃሉ ቃል ነው። የጀመረችው ትሄዳለች።»

«እኔን አባሩኝ! ዋሸሁ እያልኩ አይደል?»

«መቼ ነው የዋሹት? ያኔ ወይስ አሁን?»

ያኔ ነው ብዬ ስምል ስገዘት እሱ ወረቀቱን ይደረድራል። እውነቱን ተናግሬ እውነቱ ልጅቱን ቀበራት። ውጭ ይቆዩ ተባልኩ።

ደረጃው ላይ የእህቴ ልጅ ተከትላኝ ወጣች። የደረጃው ግድግዳ መስታወት ስለሆነ ከታች የጥበቃ ክፍሉ ይታያል፤ ፌንጣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አውልቃ የታችኛውን ታያለች፤ ምናልባት ቁልፍ ገብቶበት ይሆናል።

«ፊርማ ብቻ ነው የቀረው» አለችኝ የእህቴ ልጅ።

«ምን ላድርግ ታዲያ? አላውቅም ልበል?»

«እኔ አላልኩም።»

«ተናገሪ እንጂ!»

«አክስቴ፣ ምን ልበልሽ? ትችላለች ብዬ ፊት ለፊታቸው የቆምኩት እኔ ነኝ። አታውቅም ከተባለ አብሬሽ ነው የማፍረው።» እጅጌዋን ትጠመዝዛለች፤ ትንሽ ሆና ስትደበደብ እንዲህ ታደርግ ነበር። «ግን እሷ እዚያ ተቀምጣለች።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ተመልሼ ገባሁ። አንኳኩቼም አልገባሁ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ ወለሉን እያየሁ። «ቅድም አውቃለሁ ያልኩት አፍሬ ነው። አላውቅም። ትምህርት የለኝም። ቃላቱን በቅጡ አልለየኋቸውም።»

ኃላፊው ፈገግ አለ። ከመጀመሪያው ያውቀው እንደነበረ ሰው። «እንዲያ አትይም ታዲያ!» አለኝ። እርስዎነቴ እዚያው በሩ ላይ ወደቀ። ለሥራ አስኪያጁ ራሱ በእንግሊዝኛ ነገረው፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ተጠራጠረ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ትርጉሙን ያስረዳሁት ሰውዬ ነው። ይፈተሽ፣ አለ። ሰሌዳው ጋ እንውረድ።

ወረድን። መብራቱ ተመልሷል፣ ሴቶቹ ግን ሥራ አልጀመሩም፤ ሁሉም ከየመኪናቸው ኋላ ቆመዋል። የደማው ጥበቃ ግንባሩን በጨርቅ ይዞ በሩ ላይ አለ። ፌንጣንም አምጥተው ከምሰሶው ጎን አቆሟት። ሰሌዳው ሥር ቆምኩ። ይህን ሰሌዳ ስንት ጊዜ ብቻዬን ቆሜ እያየሁት ፈገግ ብዬ አውቃለሁ።

ሥራ አስኪያጁ በእስክሪብቶው አንዱን ቃል ጠቆመ። የእህቴ ልጅ ጠየቀችኝ፤ ድምፅዋ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ድምፅ ሆኗል። «አጂቴሽን ምን ማለት ነው?»

ሆዴ ውስጥ ያለው እሱ ራሱ ነበር። «መብራት ሲጠፋ» አልኩ።

ከኋላ አንዷ ኪኪ አለች። የእህቴ ልጅ ተረጎመች።

«ኮሞሽን?»

እጄን አላዘዝኩትም። በልምዱ ወደ ጉልበቴ ወረደ። ሊነካው ሲል የእህቴ ልጅ አንድ እርምጃ ቀደም ብላ በኔና በሥራ አስኪያጁ መሃል ቆመች፤ ወረቀት የወደቀባት መስላ። ጎንበስ ብዬ እግሬን አከክሁ።

«ኮሞሽንማ» አልኩ፣ «ደላላ የሚበላው ነው።»

አዳራሹ ፈረሰ። መካኒኩ ምሰሶውን ተደግፎ ሆዱን ይዟል። የእጅጌ መስመሯ ኃላፊ ሳቋን በመሐረቧ ከለለች። ለካ ሰው ሲስቅብህ ጆሮህ ነው የሚቃጠለው፣ ፊትህ አይደለም።

«አፕሮር?»

«አላውቅም።»

«ተርሞይል?»

ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ወደ እስክሪብቶው ታያለች። ከንፈሯ ደርቋል። ሌላውን ሁሉ ላጣምመው እችላለሁ፤ ይሄን ግን እናቷ ላይ መሳቅ መሰለኝ። «እሱንም አላውቅም» አልኩ። አልተሰማም፤ ድገሚው ተባልኩ። ደገምኩት።

እስክሪብቶው ከመጨረሻዋ ቃል ላይ ደረሰ። «ራዮት?»

ፌንጣ ከምሰሶው ጎን ቆማ በሁለት ዓይኗ ትጠብቀኛለች።

«ማራገቢያ ተበላሸ ማለት መስሎኝ» አልኩ።

ሳቁ ከቆርቆሮው ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። ጥበቃው ሳይቀር ግንባሩን ይዞ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁም ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ለሕፃን እንደሚስቁት ነው። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ። የእህቴ ልጅ ወረቀቷን ታስተካክል ጀመር።

«ተርጉሚላት እንጂ» አላት ኃላፊው።

«ሥራ አስኪያጁ» አለች፣ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ይላል። ጥፋቱ በቅጡ ያላስተማረሽ ሰው ነው ይላል።»

ቃል ሳትጨምር፣ ቃል ሳትቀንስ ተረጎመችው። ትርጉሟ ሁልጊዜ እንዲያ ነው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ወለሉን አየሁ፤ ወለሉ ላይ ያልተለቀመ ቁልፍ ብቻ ነበር።

ፌንጣ መታወቂያዋ ተሰጣት። ስልኩ ከኔ ተወስዶ ለእጅጌ መስመሯ ኃላፊ ሆነ። «አንቺ ኮሌታሽን ያዢ» አለኝ ኃላፊው፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ። መካኒኩ በአጠገቤ ሲያልፍ ቀስ ብሎ «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አለ፤ ቀስ ያለውም ሁሉም እንዲሰማው ነው። በሌላ ቀን ቢሆን በካውያ አባርረው ነበር። ዞር አልኩና ቁልፍ ለቀምኩ።

ፌንጣ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር፤ ለምን እንደመሰለኝ እንጃ፤ ምን ታውቃለችና።

«እትዬ» አለች፤ «ካላወቁ ለምን ያነሱታል? መጠየቅ ምን ነውር አለው? ልጆቼን ይዤ የት ልወድቅ ነበር? በርስዎ እልህ!»

«ልክ ነሽ» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ ይላሉ፤ ሁሌም አውቃለሁ!»

«ልክ ነሽ፣ ልጄ።»

የበለጠ ተናደደች መሰለኝ፤ እልህ ሳትጋባ ልክ ነሽ የምትላት ግትር ሴት አይታ አታውቅም። ተነስታ ወደ መኪናዋ ሄደች።

ከሥራ ስንወጣ የእህቴ ልጅ በሩ ላይ ጠበቀችኝ፤ ሁልጊዜ አብረን ነው የምንሄደው። ብዙ መንገድ ዝም ብለን ሄድን። ቢሮ ውስጥ ማን ምን እንዳላት አልጠየቅኋት፤ እሷም አልነገረችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ «ስታኪ አየሁሽ» አለች።

«አሳክኮኝ ነው።»

አልሳቀችም። ክንዴን ያዘችኝ፤ መንገድ ስንሻገር ለቀቀችኝ።

በማግስቱ መጥቼ ካውያዬን አሙቄ ስሠራ፣ ለሻይ እረፍት ሲሆን ፌንጣ ወንበሯን ጎትታ መጣች። ከኋላዋ ሦስት አራቱ ተከትለዋታል። ዓይኗ አበጥ ብሏል፤ ሌሊቱን ያልተኛች ትመስላለች።

«ትናንት ተቆጥቼ ነው» አለች። «እርስዎ እኮ እናቴ ማለት ነዎት። ማን አስተማረዎት፣ ማንስ ጊዜ ሰጠዎት? እኔ አስተምረዎታለሁ። ያን ያህል አይከብድም፤ ቀስ ብለን በቀን አንድ።»

«ተይው፣ ልጄ፤ አረጀሁ።»

«ምን ያረጃሉ! ስልኩን አስመልስልዎታለሁ። በሉ፣ ከኔ ጋር ይበሉ።» ለደንቆሮ እንደሚናገር ሰው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ አፏን ሰፋ አድርጋ፣ ጣቷን እያወዛወዘች፣ «ኮ! ሞ! ሽን!»

ሴቶቹ ዙሪያዬን ከበው ይጠብቃሉ። የሚያሾፍ አልነበረም፤ ሁሉም ከልባቸው ነው። ልክ ብዬ ብናገር ከዚህ አዳራሽ ወሬ እንደማይቀር፣ ወሬውም ደረጃውን እንደሚወጣ አውቃለሁ።

«ኮ... ኮሚ...» አልኩ።

«ኖ፣ ኖ፣ እትዬ! ሞ! ኮ፣ ሞ!»

«ኮ፣ ሞ...» ላብ ጀርባዬን ወረረኝ። «ኮሞ... ሲን።»

«ሊደርሱ ነው!» ብላ አጨበጨበች፤ ሴቶቹም አጨበጨቡ። «ጎበዝ፣ እትዬ! ነገ እንደግመዋለን፣ እሺ?»

«እሺ» አልኳት፤ ካውያውንም አነሳሁ።